የታየና የተሰማ

መምህር ቦልቴ ሶርሳ ሞተው የተገኙት ቴሌቪዥን ፊት ነው። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የጆሮ ማዳመጫው ሁለቱንም ጆሮዎቻቸውን ሸፍኗል፤ ዓይኖቻቸው ስክሪኑ ላይ እንደተተከሉ ቀርተዋል። «የነፋስ ወንድም» የተባለው ተከታታይ ድራማ አሥራ ሰባተኛ ክፍል ተጫውቶ አልቆ የመጨረሻው ምስል ቆሟል።

ያገኘቻቸው ሩት ናት፣ የብሌን ቴሌቪዥን መዝገብ ያዥ። እሑድ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ወደ ጣቢያው ጎራ አለችና በሩን ገርበብ አድርጋ «ጋሼ፣ ምሳ አይበሉም እንዴ?» አለቻቸው። ሦስት ጊዜ ደጋግማ ከጠራች በኋላ ነው እጃቸውን የነካችው።

ኢንስፔክተር አስካለች ስትደርስ ሐኪሙ ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሯል። «ልብ ሳይሆን አይቀርም» አለ። «ሰሞኑን የደረሰባቸው ነገር ለጤነኛ ሰውም ይከብዳል። ካረፉ ሦስት ሰዓት አልፏቸዋል።»

አስካለች ማዳመጫውን በቀስታ አነሳችና ጣቷን ከጆሯቸው ጀርባ ወደ ማጅራታቸው ሰደደች። እዚያ ላይ የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት አለ። የወንበሩ መደገፊያ ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ ነው። ዞር ስትል ከኋላቸው የብረት ጠረጴዛ ቆሟል። አቧራ ለብሷል፤ አንዱ ጠርዝ ብቻ ጥርግ ተደርጎ ያብረቀርቃል።

«ስፖንጅ እንዲህ አይመታም» አለች።

ሐኪሙ የዘጋውን ቦርሳ መልሶ ከፈተ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሌላ ነገር ብዙም የለባትም፤ ኮምፒውተር፣ የወረቀት መደርደሪያ፣ ከመምህሩ ወንበር ጎን ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ወንበር። አስካለች ወንበሩን አየችው። ማንም አልተቀመጠበትም፤ ለመቀመጥ ግን ተዘጋጅቷል፤ ላዩ ላይ በንጽሕና የታጠፈ ጨርቅ ተነጥፎበታል።

«ይህ ሁልጊዜ እዚህ ነው?»

ሩት እንባዋን ጠረገች። «የለም። ጋሼ ሁለተኛ ወንበር ኖሯቸው አያውቅም። ማን ይመጣላቸዋል?»

ይህን ለመረዳት የሶዶን የሁለት ሳምንት ወሬ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አስካለች እንደ ሰው ሁሉ ታውቀዋለች። መምህር ቦልቴ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ናቸው። ብሌን ቴሌቪዥን ሲከፈት ከውጭ አገር የሚመጡትን ድራማዎች ከመተላለፋቸው በፊት እያዩ የዕድሜ ደረጃ እንዲሰጡ ቀጠራቸው። አረንጓዴ ምልክት ለሁሉም፣ ቢጫ ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ፣ ቀይ ለአዋቂ ብቻ። አረንጓዴው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይተላለፋል፤ ቢጫና ቀዩ ከአራት ሰዓት በኋላ። ከምልክቱ ሥር ስማቸው እንዲጻፍ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። የፈረደ ሰው ተጠያቂ ይሁን ብለው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ታዲያ አሥራ ሰባተኛው ክፍል በአረንጓዴ ምልክት ተላለፈ። በዚያ ክፍል ጀግናው ኬናን አንሶላ ጀርባው ላይ አስሮ ከሦስተኛ ፎቅ ይዘልና ምንም ሳይሆን እየሳቀ ይሄዳል። በማግስቱ የዘጠኝ ዓመቱ ቢላል የእናቱን አንሶላ አስሮ ከአባቱ ሱቅ ጣሪያ ዘለለ። ዳሌው ተሰበረ።

ከዚያ ወዲያ ሶዶ ለመምህሩ ፊት ነሳቻቸው። ያስተማሯቸው ሰዎች መንገድ እየቀየሩ ያልፏቸው ጀመር። የልጁ አባት አብዱልመጂድ ገበያ መሐል አንገታቸውን አንቆ «ልጄን የሰበርከው አንተ ነህ!» ሲላቸው ከተማው በሙሉ ቆሞ አየ፤ አንድም ሰው አልገላገለም።

አብዱልመጂድ ደግሞ ዛሬ ጠዋት እዚህ ግቢ ገብቶ ታይቷል።

* * *

«አራት ሰዓት ላይ መጣ፣ እህቴ» አለ ጥበቃው ኤርሳዶ። «ክርስቲያኑ ሁሉ ቸርች ነው፤ ከተማዋ ጭር ብሏል። እኔ ተረኛ ስለሆንኩ ቀረሁ። 'መምህሩ ጠርተውኛል' አለኝ። ገባ፤ ወዲያው ወጣ። 'በሩን አንኳኳሁ፣ መልስ የለም' አለኝ።»

«ምን ያህል ቆየ?»

«ሬዲዮዋ አንድ መዝሙር አልጨረሰም።»

«መምህሩስ መቼ ገቡ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል። ሰላም ብሎኝ ገባ። ከዚያ እኔ ከፊት በር አልተነሳሁም። የኋላ በር ግን አላይም። የእሷ ቁልፍ ሠራተኛው እጅ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ሩትና ድምፅ ቀራጩ ታምራት።»

የኋላው በር የሚከፈተው ወደ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከመተላለፊያው ማዶ የቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አለ፤ የድምፅ ማጉያው ወዳለበት ክፍል የሚያወጣው መሰላል ከዚህ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። አስካለች ረግጣ ለካችው።

«ኤርሳዶ፣ መምህሩ ሲሠሩ አይተሃቸው ታውቃለህ?»

ሰውየው ሐዘኑ መሐል ፈገግ አለ። «በመስኮት አያቸዋለሁ። አንዴ ቴሌቪዥኗን አፍጥጦ ያያል፣ ጆሮው ላይ ምንም የለም። ከዚያ ያንን ማዳመጫ ያደርግና ወንበሯን አዙሮ ግድግዳ ያያል። አስተማሪ የቀጣው ተማሪ ይመስላል። መጀመሪያ ጊዜ አዕምሮው ነው ብዬ ደንግጬ ነበር።»

አስካለች ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት።

ሩትን ስትጠይቃት ነገሩ ጠራ። ሩት ከመደርደሪያው አንድ ቅጽ አወጣችላት። ገጹ መሐል ለመሐል በመስመር ተከፍሏል፤ በቀኝ «የታየ»፣ በግራ «የተሰማ» ይላል።

«ጋሼ እያንዳንዱን ድራማ ሁለት ጊዜ ነው የሚያዩት» አለች ሩት። «መጀመሪያ ድምፁን አጥፍተው ምስሉን ብቻ። ቀጥሎ ለምስሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ድምፁን ብቻ። 'ሙዚቃው ደስ ሲል ጩቤው አይታይም፣ መልከ መልካሙ ሲናገር ስድቡ አይሰማም፤ አብረው ሲመጡ ያታልላሉ' ይላሉ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዮሴፍ በጣም ይናደድባቸው ነበር።»

«አንቺ ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«መዘምራን ውስጥ ነኝ። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መድረክ ላይ ነበርን፤ ሕዝቡ እስኪሞላ ታምራት እንደ ሁልጊዜው ከድምፅ ክፍሉ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል። መሐል ላይ መብራት ሄደ እንጂ፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ጣቢያው ጀነሬተር የለውም፣ ፕሮግራሙ ጥሩ ነበር።» ትንሽ አሰበችና «መብራቱ ሲመለስማ ሳቅ ሊያመልጠን ነበር» አለች። «ታምራት ንባቡን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀመረው። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ የተቋረጠ ነገር አይወድም።»

ሥራ አስኪያጁ ዮሴፍ ምራቁን የዋጠ፣ ከረባቱን እሑድም የማይፈታ ሰው ነው። ጠዋቱን በሙሉ ከሽማግሌዎች ጋር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አራት መቶ ሰው አይቶታል።

«ሁለት ጊዜ ማየት እንዲያቆሙ በደብዳቤ አስጠንቅቄያቸዋለሁ» አለ። «አንድ ሰው አንድ ድራማ ላይ ግማሽ ቀን ይፈጃል? ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበራቸው። ቀለሙ ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱም ለሕዝብ ይታይ፣ ቅጹ እንዳለ ስክሪን ላይ ይውጣ እያሉ ሦስት ማመልከቻ ጽፈዋል።»

«ለምን አልወጣም?»

«ተመልካች ቀለም ይበቃዋል፣ ኢንስፔክተር። ዝርዝሩ የውስጥ ሰነድ ነው።»

«ስማቸው ግን የውስጥ አልነበረም።»

ዮሴፍ ከረባቱን አስተካከለ።

ታምራትን ስታነጋግረው አስካለች ልቧ እንዳያደላለት ራሷን መግታት ነበረባት። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኗል፤ አንድ ልጇ ሐዋሳ ናት። አስካለች ቤት ገብታ መጀመሪያ የምታደርገው ቴሌቪዥን መክፈት ነው፤ ለማየት ሳይሆን የሰው ድምፅ እንዲኖር። ማታ አንድ ሰዓት ላይ እራቷን ብቻዋን ስትበላ ኬናንን ሆኖ በአማርኛ የሚናገረው ይህ ሰው ነው። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ አለው። ሰውየው ግን ቀጭንና ዓይን አፋር ነው፤ መንገድ ላይ ብታገኘው ልብ አትለውም ነበር።

«ጋሼ አስተማሪዬ ነበሩ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ሰባተኛ ክፍል።»

«ድራማውን ለእርሳቸው የሚያዘጋጀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። በአማርኛ ከቀረጽን በኋላ ቅጂውን በፍላሽ ለሩት እሰጣለሁ፤ ምልክቱ ሲሰጠው ለሥርጭት የማስገባውም እኔው ነኝ።»

«እንዴት ነበር የሚሠሩት?»

«እንደማንኛውም ሰው፤ ማዳመጫ አድርገው ስክሪን ላይ አፍጥጠው። ክፍላቸው ገብቼ አላውቅም እንጂ መቼስ ከዚያ የተለየ ምን አለው?»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሳነብ ነበር። ሁሉም ሰምቶኛል።»

«አዎ» አለች አስካለች። «ሁሉም ሰምቶሃል።»

* * *

አብዱልመጂድ በጥርጣሬ ተይዞ በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። አባቱ ከስልጤ መጥተው ሶዶ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱም እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የነገደ ሰው ነው። ዛሬ ግን እንደ መንገደኛ ነው የሚያዩት። ሚስቱ ሳዲያ ከሆስፒታል የልጇ አልጋ ሥር መነሳት ስላልቻለች ምግብ እንኳ ያመጣለት የለም።

«ወላሂ ጠርተውኝ ነው የሄድኩት» አለ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ አንገታቸውን አንቄያቸዋለሁ፣ አልክድም። በማግስቱ ሆስፒታል መጡ። አባረርኳቸው። በማግስቱም መጡ። ሳዲያ 'ተዋቸው' አለችኝ። በየቀኑ መጥተው ከቢላል አጠገብ ቁጭ ይሉና ምንም ሳይናገሩ ይሄዳሉ። አርብ ለት ልጁ ራሱ ዝላዩን እያሳየ አጫወታቸው። እጁን እንዲህ ዘርግቶ። ሽማግሌው ተነሥተው ቆሙ፤ ፊታቸው ልውጥ አለ። 'ይህን እኔ አላየሁም' አሉ።»

«አመንካቸው?»

«አላመንኩም። አርጅተው ተኝተውበት ይሆናል አልኩ። እሳቸውም እንደዚያ የፈሩ መሰለኝ። 'እሑድ አራት ሰዓት ና፣ አብረን እንይ፤ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ አንተ ፊት አምናለሁ' አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጀምር መንገዱን ሁሉ ስለማመድ ነው የሄድኩት። አሁን ለማን ልበለው?»

የፕላስቲክ ወንበሩ የማን እንደሆነ ታወቀ።

አስካለች እግረ መንገዷን የመምህሩ ቤት ገባች። አንድ ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ። ግድግዳው ላይ የድሮ ተማሪዎች ፎቶ ተሰቅሏል። ዙሪያዋን ብትቃኝ የምትፈልገውን አላገኘችም። ቴሌቪዥን የለም። ሰውየው የሚያዩት ሥራ ቦታ ብቻ ነው። ከተማው ማታ ማታ የሚያየውን እሳቸው አይተውት አያውቁም፤ የፈረዱበት ነገርና ለሕዝብ የደረሰው ነገር አንድ መሆኑን የሚያውቁት በእምነት ብቻ ነበር።

ትራሳቸው ሥር ደብተር አገኘች። የመጨረሻው ገጽ የቅዳሜ ነው፦

«ቢላል የነገረኝን ዝላይ አላየሁም። ወይ ዓይኔ ከድቶኛል፣ ወይ ያሳዩኝ ሌላ ነው። ዓይኔ ከሆነ ሥራውን እለቃለሁ። ሌላ ከሆነ ያደረገውን ሰው አብዱልመጂድ ከመምጣቱ በፊት ለብቻው አነጋግረዋለሁ። በሰው ፊት ማሳፈር አልወድም።»

አስካለች በዚያች ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ገጹን ደግማ አነበበችው። ከተማው በሙሉ በሰው ፊት ያሳፈራቸው ሰው፣ ያታለላቸውን ሰው ላለማሳፈር አስቀድመው ለብቻው ሊያነጋግሩት ቀጠሩት።

* * *

ሰኞ ቀብሩ ተፈጸመ። የዕድሩ ሰዎች ደንቡ ነውና ድንኳን ተከሉ፣ ወንበር ደረደሩ፣ ስማቸውን አስመዘገቡ፤ ከዚያ ወደየሥራቸው ሄዱ። ከሁምቦ የመጡት የመምህሩ እህት አምሳ ባዶ ወንበር መሐል ብቻቸውን ተቀመጡ። ኤርሳዶና ሩት አመሻሹ ላይ መጥተው ከጎናቸው ሆኑ። አስካለች ከድንኳኑ በር ላይ ቆማ አየችና ሳትገባ ተመለሰች። ሥራዋ አላለቀም።

ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በዚያች ጠባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው፦ ዮሴፍን፣ ሩትን፣ ታምራትን፣ ኤርሳዶን፣ በሁለት ፖሊስ የታጀበውን አብዱልመጂድን።

«መምህር ቦልቴ በልብ ድካም አልሞቱም» ብላ ጀመረች። «ተገፍትረው ከዚህ የብረት ጠርዝ ጋር ተጋጭተው ነው። ከዚያ የገፈተራቸው ሰው አንሥቶ ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገ፣ ድራማውን ከፈተና ወጣ። ሥራቸው ላይ እንዳሉ በድንጋጤ የሞቱ እንዲመስል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? መምህሩ እንዲያ ሆነው ሠርተው አያውቁም።»

ኤርሳዶ ራሱን ነቀነቀ።

«ስክሪኑን ሲያዩ ማዳመጫ የለም። ማዳመጫ ሲያደርጉ ፊታቸው ወደ ግድግዳ ነው። ሩት ቅጹን ስለምታስገባ ታውቃለች። ኤርሳዶ በመስኮት አይቷል። አቶ ዮሴፍ በደብዳቤ ከልክሏል። ከእነዚህ አንዳቸው ቢሆኑ ኖሮ ወይ ማዳመጫውን ይተዉት ነበር ወይ ወንበሩን ያዞሩት ነበር። ያደረገው ሰው ሽማግሌው እንዴት እንደሚሠሩ አያውቅም።»

«እሱም አያውቅም» አለ ዮሴፍ አብዱልመጂድን በአገጩ እያመለከተ።

«አያውቅም። እሱ ግን የገባው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ የቆየውም አንድ መዝሙር እስኪያልቅ አይሞላም። ሐኪሙ መምህሩ የሞቱት ከዚያ በፊት ነው ይላል። ሌላም አለ።» ከመደርደሪያው የአሥራ ሰባተኛውን ክፍል ቅጽ አወጣች። «ይህ የመምህሩ እጅ ጽሑፍ ነው። ላዩ ላይ ርዝመቱን ጽፈዋል፤ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ሴኮንዷን ሳይቀር። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ከአሥር ሴኮንድ። ኮምፒውተሩ ላይ ቆሞ የተገኘው ድራማ ግን አርባ አንድ ደቂቃ ከሃያ አምስት ነው። ለሕዝብ የተላለፈውም እሱ ነው። ሦስት ደቂቃ ከሩብ ከየት መጣ?»

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ቅጹን ከደቂቃ ደቂቃ አነበብኩት። የታየውን ሁሉ ጽፈዋል፤ ጥፊ እንኳ አልቀረም። ዝላይ ግን የለም። ዓይናቸው አልከዳቸውም። የታየላቸው ቅጂ ዝላዩ ተቆርጦ የወጣለት ነው። አረንጓዴ ምልክቱ ለዚያ ቅጂ ትክክል ነበር። ለሕዝብ የቀረበው ግን ሌላ ቅጂ ነው፤ ስማቸው ከሥሩ የተጻፈበት። አቶ ዮሴፍ፣ ይህ ወረቀት እንደለመኑህ ስክሪን ላይ ወጥቶ ቢሆን የሁለተኛ ክፍል ልጅ በዚያው ማታ ያውቀው ነበር። አንተ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍከው።»

ዮሴፍ ወለሉን አየ።

«ተቆርጦ የነበረው ቅጂ እዚህ ኮምፒውተር ላይ ነበር። አሁን የለም። በቦታው ሙሉው ቅጂ የገባው እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው፤ ማሽኑ ሰዓቱን ይዞታል። ስለዚህ አብዱልመጂድ ከቤቱ ሳይወጣ ነገሩ አልቋል። ሙሉውን ቅጂ ይዞ የሚመጣ፣ የተቆረጠውን የሚያጠፋ፣ የኋላ በር ቁልፍ ያለው ማን ነው?»

ሩት ቀስ ብላ ወደ ታምራት ዞረች።

«እኔ ሳነብ ነበር!» አለ ታምራት። «አራት መቶ ሰው ይመስክር!»

«ልክ ነህ። እንግዲያው እንደ መምህሩ እንሥራ። ሁላችሁም ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩ።»

እርስ በርስ ተያዩና ዞሩ። ታምራትም ዞረ። አስካለች አንዲት ትንሽ ማጫወቻ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ነካቻት። ያ ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ የማይቸኩል ድምፅ የእሑድ ጠዋቱን ንባብ ማንበብ ጀመረ።

«ማን ነው የሚያነበው?»

«ታምራት ነው» አሉ ሩትና ዮሴፍ ባንድነት።

«አሁን ዙሩና እዩት።»

ዞሩ። ድምፁ ያነባል። ታምራት አፉ ተዘግቶ፣ ግንባሩ ላብ አውጥቶ ቆሟል።

«ዮሴፍ ጠዋት ታይቷል። ሩት ታይታለች። ታምራት የተሰማ ብቻ ነው፤ 'የታየ' የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። ይህችን ትናንት ሽማግሌዎቹ የድምፅ ክፍሉን ሲከፍቱልኝ አገኘኋት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሷ ከመጀመሪያው ትነሳለች። ሰው ቢሆን ካቆመበት ይቀጥል ነበር። ሩት፣ እናንተ ጥንቁቅነት ነው ብላችሁ ሳቃችሁ።»

ማጫወቻዋን አጠፋቻት።

ታምራት ሲናገር ድምፁ ያ ድምፅ አልነበረም። «ልገድላቸው አልመጣሁም። ቅዳሜ ደውለው 'ሦስት ሰዓት ላይ ና፣ ሰው ሳይመጣ ንገረኝ' አሉኝ። ንባቡን ቀርጬ የወጣሁት ልለምናቸው ነው። አስረዳኋቸው። ዝላዩ ካለ ቢጫ ይሰጡታል፤ ቢጫ ከሆነ ከአራት ሰዓት በኋላ ነው፤ ሶዶ በሦስት ሰዓት ትተኛለች። ማን ይሰማኛል? መንገድ ላይ ልጆች 'ኬናን! ኬናን!' እያሉ ይከተሉኛል። ከዚያ በፊት እኮ ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ዝላዩን ደግሞ ቆርጬ ላስቀረው አልቻልኩም፤ ልጆቹ የሚወዱት እሱን ነው። ጋሼ 'አብረን ለአባትየው እንነግረዋለን፣ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ' አሉኝ። ቅጂውን ላጠፋ ስል እጄን ያዙኝ። ገፋኋቸው። ትንሽ ነው የገፋኋቸው።»

«ወዲያው ሞቱ?»

ታምራት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ያቃስቱ ነበር።»

አስካለች ወደ እሱ ተጠጋች። ብቸኝነቱን ታውቀዋለች፤ በየማታው እራቷን ስትበላ አጠገቧ የሚቀመጥ ነገር ነው። ልታዝንለት ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም።

«ያ ሁሉ ድምፅ እያለህ» አለችው፣ «አንድ ጊዜ 'ድረሱልን' ማለት አቃተህ?»

ካቴናውን ከአብዱልመጂድ እጅ ፈትታ ለፖሊሱ ሰጠችው። አብዱልመጂድ የፕላስቲኩ ወንበር ላይ፣ በታጠፈችው ጨርቅ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ።

* * *

ያን ዕለት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ድራማው አልተላለፈም። ዮሴፍ ከረባቱን ፈትቶ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ሳይሆን አይቀርም፤ ቅጹን ስክሪኑ ላይ አወጣው። ሙዚቃ የለም፣ አንባቢ የለም። የመምህሩ እጅ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች፣ ደቂቃ በደቂቃ፣ የታየው በቀኝ፣ የተሰማው በግራ፣ ከሥሩ ስማቸው። ቀጥሎ ሁለት መስመር መጣ፤ መምህር ቦልቴ ያዩትና ሕዝብ ያየው አንድ አልነበረም፣ ጥፋቱ የጣቢያው ነው ይላል። አስካለች ሳህኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አነበበችው። ቤቱ ጸጥ ብሏል። የራሷን ማኘክ ትሰማው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ድንኳኑ ጋ ስትደርስ ሰው ከበር ተርፎ መንገድ ላይ ቆሟል። መንገድ እየቀየሩ ያለፏቸው የድሮ ተማሪዎች፣ ገበያ ላይ ቆመው ያዩት ነጋዴዎች፣ የዕድሩ ሰዎች፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ተደርድረዋል። አብዱልመጂድ ከሆስፒታል አስፈቅዶ ቢላልን እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ከእህትየው አጠገብ ቦታ ለቀቁላቸው። ልጁ በጄሶ የታሰረውን እግሩን ዘርግቶ ዝም አለ፤ መምህሩ ከእሱ አልጋ አጠገብ ዝም ብለው ይቀመጡ እንደነበረው።

እህትየው ሕዝቡን ዙሪያውን ካዩ በኋላ ወደ አስካለች ጆሮ ተጠጉ።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሰው ወንድሜን ያውቃል?»

«ያውቃል፣ እማማ።»

«ታዲያ እሱ ብቻዬን ነኝ ይለኝ ነበር።»

አስካለች አንድ አዛውንት ቆመው ስታይ ወንበሯን ለቀቀችላቸውና ወጣች። ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። እንደ ልማዷ ሪሞቱን አነሳችና ሳትከፍት መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሐዋሳ ለልጇ ደወለች።